አይጧን ያጎረስኩ ዕለት

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ንብረት ክፍል ሄጄ ክሊራንስ አስፈረምኩ። ሁለት ነጭ ጋውን፣ አንድ ጥንድ የጎማ ቦቲ፣ ሦስት ቁልፍ፣ አንዲት ትንሽ ሚዛን አስረከብኩ። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በእጅሽ የቀረ ነገር አለ ወይ ቢሉኝ የለም አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ደብተር ነበር፤ ግን እሱ የመንግሥት አይደለም። የቀድሞ አለቃዬ የጋሽ ታዬ ነው። በገዛ ኪሳቸው ፒያሳ የገዙት፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ወፍራም ደብተር። ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ከአይጥ ጋር ነው። ሰው ሥራዬን ጠይቆኝ እንዲህ ብዬ ስመልስ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ዓይኑ ወደ እጄ ይሄዳል። ተወልጄ ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። እኛ ሰፈር አይጥ በመጥረጊያ ይባረራል እንጂ ጋውን ተለብሶ አይጠበቅም። እናቴ የተዛወርኩበትን ክፍል ስነግራት «ለዚህ ነው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርኩሽ? አይጥ እዚሁ ቤት ሞልቶ የለም እንዴ?» አለችኝ። የሰፈር ልጆች ደግሞ ብዙነሽ የሚለውን ስሜን ትተው የአይጥ ሞግዚት አሉኝ። አራዳ አንዴ ስም ካወጣ መልሶ አይወስድም፤ አግብቼ አፍንጮ በር ከገባሁ በኋላ እንኳን ስሙ ተከትሎኝ መጣ።

ቤተ ሙከራችን አምስት ኪሎ አካባቢ ካሉት አሮጌ ግቢዎች በአንዱ ውስጥ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። የምናገረው የራሴን ጥፋት ስለሆነ ሌላ ሰው አይነካካ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት በጽዳት ነው። ሁለት ዓመት ኮሪደር ጠረግኩ። ከዚያ ጥንቸሎች ወደሚጠበቁበት ክፍል ተዛወርኩ። የዚያ ክፍል አለቃ ካልጮኸ የተናገረ የማይመስለው ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማርና፣ ድምፁን ሲሰሙ ጥንቸሎቹ ጥግ ይይዛሉ፣ እኔም አብሬያቸው። ደሞዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ይህ ለማንም አዲስ ስላልሆነ አልፈዋለሁ። በአራተኛው ዓመት የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝና ምድር ቤት ወዳለው የአይጥ ክፍል ወረድኩ። እዚያ ነው ጋሽ ታዬን ያገኘኋቸው። ዕድሌ ያን ቀን ተቃና ብል አላጋነንኩም።

ጋሽ ታዬ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቡናማ ሹራባቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ ሰው። የፒያሳ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩና እሳቸውም ሰውን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት የኮቱን ትከሻ ነው። ጥርስ የማያስከድን ቀልድ ያውቃሉ። የአይጡ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ግን ቀልዱን እንደ ጫማ ውጭ አውልቀው ይገባሉ።

የመጀመሪያው ቀን ገብቼ አንዱን ሳጥን ልከፍት እጄን ስዘረጋ «ተቀመጪ» አሉኝ። ሁለት በርጩማ አለ። ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን። መጀመሪያ ሰጋቱራው ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ነበር፤ ቆይቶ ረገበ። አንዷ አይጥ ብቅ ብላ ፊቷን በእጆቿ ማሸት ጀመረች። ያኔ ተነሡና በሹክሹክታ፣ አሁን የገባነው በሩን ስንከፍት ሳይሆን ይህችኛዋ ፊቷን ስትታጠብ ነው አሉኝ። በድንጋጤ ላይ ሳሉ ብትመዝኛቸው የመዘንሽው አይጥ አይደለም፣ ራስሽን ነው አሉኝ። እዚያ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያቺን ሩብ ሰዓት ዘልዬ አላውቅም።

ሌላም ብዙ ነበራቸው። ሽታ ያለው ሳሙና አይፈቀድም። ሽቶ አይታሰብም። ድመት እንዳለችኝ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ፤ የድመት ሽታ ልብስሽ ላይ ይዘሽ ከገባሽ ሳምንት አይበሉልሽም አሉኝና ድመቴን ለእህቴ ሰጠሁ። አይጥ በጭራዋ አትነሣም፤ ከደረቷ ሥር ታቅፈሽ ነው። መኖ ደግሞ የሚመዘነው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሲሰጥና ሲነሣ። ሰጋቱራ ውስጥ የወደቀችውን ፍርፋሪ ሳይቀር በወንፊት አንገዋለን እናወጣለን። «የተሰጠውን ማንም ይመዝናል» ይሉኝ ነበር። «አንቺ የተረፈውን መዝኝ።» ይህን ሰው ላይም ይሠሩበታል። ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችን ምሳ ዕቃችንን ስንከድን የማን ምን እንደተረፈ ሳያስመስሉ ያያሉ። አንድ ቀን የግቢው ጥበቃ ምሳውን ግማሽ ሲመልስ አይተው ምን ሆነሃል ቢሉት ሚስቱ ሆስፒታል ገብታ ኖሯል።

ደብተሩን ላምጣ። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሌላ ነው፤ ቁጥር ብቻ ይገባበታል። የጋሽ ታዬ ደብተር በእርሳስ የተሰመሩ ሦስት ዓምዶች አሉት፤ ያየሁት፣ የገባኝ፣ ያልገባኝ። የመጀመሪያው ጢም ያለ ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። መሐለኛው ግን ገጽ ከገጽ ባዶ ነው። አንዳንዴ አንድ ነገር ይጽፉበትና ከወር በኋላ በላጲስ ያጠፉታል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ የገባኝ የመሰለኝ ነው እንጂ አልገባኝም ነበር ይሉኛል።

ዶክተር ሰብለ ከውጭ አገር ተምራ ስትመጣ እኔ እዚያ ክፍል አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር። ከእኔ ታንሳለች። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ስንላት፣ አንቱ ስባል ያረጀሁ መስሎኝ እጨነቃለሁ፣ ጭንቀት ደግሞ የማጠናው እንጀራዬ እንጂ ምኞቴ አይደለም ብላ አሳቀችን። ስለዚህ እዚህም አንቱ አልላትም።

ጥናቷን ያስረዳችኝ ፒያሳ ማኪያቶ ጋብዛኝ ነው። ጽዳት ሆኜ የገባሁ ሰው ከዶክተር ጋር ቁጭ ብዬ ስለ አንጎል ሳወራ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ውለታዋን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰው ሲጨንቀው ለምንድነው ምግብ የማያሰኘው ብላ ጀመረች። አንጎል ውስጥ ፔፕታይድ የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ፕሮቲን ከሚሠራበት ከዚያው ነገር የተሠሩ ናቸው፣ ግን በጣም አጫጭር። አንጎል ለገዛ ራሱ የሚልካቸው ብጣሽ ወረቀቶች በያቸው አለችኝ። አደጋ ሲመጣ አንደኛው ከአንጎል ሥር ይለቀቃል። ከኩላሊት በላይ ላሉት ዕጢዎች የሚሄደው ‹ተነሡ› የሚል ትእዛዝ ከእሱ ይጀምራል፤ እዚያው አንጎል ውስጥ ደግሞ ዓይን ያፈጣል፣ ጆሮ ያቆማል፣ የምግብን በር ይዘጋል። ጅብ እያባረረው ቁርስ የሚያምረው የለምና። የእሱ ተቃራኒም አለ፤ ረሃብ ሲጠና የሚለቀቅ፣ ብላ ብላ የሚል፣ ፍርሃትንም የሚያለዝብ ሌላ ፔፕታይድ። ሁለቱ እየተጓተቱ ይኖራሉ።

እኔ ሲከፋኝ ዳቦ አላስተርፍም ብላት ሳቀች። ድንገተኛ ድንጋጤና ቆይቶ የሚበላ ጭንቀት አንድ አይደሉም፤ ረጅሙ ጭንቀት አንዱን ያከሳል፣ ሌላውን ያወፍራል፣ ለምን እንደሆነ ገና ጨርሰን አላወቅነውም አለችኝ። የማያውቁትን አላውቅም የሚል ሰው ጋሽ ታዬ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

የአይጦቹን ፍርሃት የምንለካበትን ዕቃ ያሠራነው አራዳ ከሚገኝ አናጺ ነው። ከኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው መተላለፊያ ነው። ሁለቱ ክንዶች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። ያልፈራች አይጥ ገላጣው ላይ ወጥታ ትጎበኛለች፤ የፈራች ከግድግዳው አትላቀቅም። አናጺው ለምን እንደሆነ ሲነገረው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ዛሬ ለአይጥ ቤት ሠራሁ፣ ነገ ለቁንጫ አልጋ ሥራ ትሉኝ ይሆናል አለ። ጋሽ ታዬ የሙጫው ሽታ እስኪለቅ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ዶክተር ሰብለ ብትቸኩልም አልሰሟትም።

ሙከራው እንዲህ ነበር። አይጦቹ ሁለት ቡድን ናቸው። ሁሉም በማደንዘዣ ተኝተው ራሳቸው ላይ ፀጉር የምታህል ቱቦ ተተክሎላቸዋል። ለአንዱ ቡድን የጨው ውሃ ብቻ ይንጠባጠብላቸዋል፤ ለሌላው የጭንቀቱ ፔፕታይድ። ፔፕታይዱ ዶክተር ሰብለ በበረዶ ይዛው የመጣች አንዲት ብልቃጥ ናት፣ ካለቀች ሌላ ለማግኘት ዓመት ይፈጃል። በየቀኑ ጠብታው ይሰጣል፣ መኖ ይመዘናል፣ አይጧ ትመዘናለች። ከዚህ ውጭ ማንም ምንም አይሰጣቸውም። ሕጉ ይኸው ነው፤ በሩ ላይም ተለጥፏል።

ሙከራው በተጀመረ ሰሞን ጋሽ ታዬ ዓይናቸውን ሊታከሙ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወጡ። ክፍሉ በእኔ እጅ ቀረ። ያን ያህል ታምኜ አላውቅም፤ ጋውኔን ሁሉ በካውያ ተኩሼ ነበር የምገባው።

የጨው ውሃ የወሰዱት እንደ ወትሮው ይበላሉ። ፔፕታይድ የወሰዱት ግን ጥግ ይዘው ይኮራመታሉ። ፀጉራቸው ይቆማል። የፊት እጃቸውን ይልሱታል፣ ይልሱታል፣ መኖው አጠገባቸው እያለ አያዩትም። ከመካከላቸው ሰባት ቁጥር የምንላት ነበረች። ድሮ በሩ ሲከፈት ቀድማ የምትመጣው እሷ ነበረች። በአራተኛው ቀን ሳጥኗን ስከፍት ቀና እንኳን አላለችም።

ይህን ማየት አልቻልኩም። ምክንያቴን ልናገር። ታላቅ ወንድሜ ታሞ የሞተ ጊዜ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ሰፈሩ እዝን ያመጣል፤ ሰሃኑ ይቀርባል፣ ሳይነካ ይነሣል። ብዪ እንጂ የሚሏት ብዙ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በሽሮ የተነከረች ቁራጭ አንሥተው «በሞቴ» ብለው ወደ አፏ አስጠጉ። እናቴ በላች። እያለቀሰች በላች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያዘነ ሰው ብቻውን እንደማይበላ አውቃለሁ። እኛ ጋ ለቅሶ ቤት ምግብ የምንወስደው ለቀስተኛው ምግብ አጥቶ አይደለም፤ የሚያጎርሰው እጅ ስለሚያስፈልገው ነው።

ምሳዬ ፉርኖ ዳቦ ነበር። የዳቦውን ለስላሳ ውስጥ ቆረስኩ፣ በጣቴ አድበልብዬ ለሰባት ቁጥር አስጠጋሁላት። አሸተተች። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ከጣቴ ላይ ወስዳ በሁለት እጇ ይዛ በላች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቀጥሎ ያደረግኩት የባሰ ነው፤ እሷን አጉርሼ ጎረቤቷን እንዴት ልለፍ? አድልዎ መሰለኝ። ፔፕታይድ የወሰዱትን በሙሉ አጎረስኳቸው። የጨው ውሃዎቹ ስለሚበሉ አላጎረስኳቸውም። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን፣ ጋሽ ታዬ እስኪመለሱ ድረስ ምሳዬን እየቆረስኩ እንደዚያው አደረግኩ። መዝገቡ ላይ የመኖውን ልክ በትክክል ጻፍኩ፤ መኖውን አልነኩትምና። ዳቦውን የሚጽፉበት ቦታ አልነበረም።

ዶክተር ሰብለ ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝገቡን አንሥታ ስታሰላ ቆየችና ምድር ቤት እየሮጠች ወረደች። ፊቷ በርቷል። አይጦቹ መኖ ባይበሉም አልከሱም። ይህ ማለት ፔፕታይዱ ፍላጎትን መዝጋት ብቻ ሳይሆን ሰውነት የሚያቃጥለውንም ይቆጥባል ማለት ነው፣ እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም አለች። ለቀድሞ አስተማሪዋ ጽፋለታለች። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከየቦታው የሚመጡ ተመራማሪዎች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ልታቀርበው ነው። እኔንም አቅፋ ሳመችኝ፤ የአንቺም እጅ አለበት አለችኝ።

እጄ እንዳለበትስ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

በዚያው ቅጽበት ገባኝ፤ ያልከሱት በእኔ ዳቦ ነው። ያኔ ብናገር ኖሮ ነገሩ ትንሽ ነበር፤ አልተናገርኩም። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ጋሽ ታዬ ፊት መቆም አቃተኝ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። በየቀኑ ዶክተር ሰብለ አዲስ ሥዕል እየሠራች ታሳየኛለች፣ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ እመለከተዋለሁ፣ እከድነዋለሁ። ምግብ አፈር አፈር ይለኝ ጀመር። ያ ፔፕታይድ ያለ ጠብታ እኔም ጋ ደርሶ ነበር።

ጋሽ ታዬ ዶክተር ሰብለ እየሮጠች የወረደች ዕለት፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ጥቁር መሸፈኛ አድርገው ተመልሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ የተረፈውን የሚያዩት ሰውዬ አዩኝ። ከምሳ በኋላ ወደ ክፍሉ ወረድንና በርጩማው ላይ ተቀመጥን። አይጦቹ ጸጥ አሉ። እሳቸው አሁንም አይነሡም። እኔን እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ።

«ሦስት ቀን ምሳሽ እንዳለ ተመልሷል» አሉኝ በመጨረሻ። «ምን በልቶሽ ነው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰባት ቁጥርን፣ ፉርኖውን፣ እናቴን፣ እማማ ዘይነባን። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ወለሉን እያዩ «አይጧን አስተዛዘንሻት» አሉ። ከዚያ ተነሡ። «በይ ነይ። ይህን ለሷ የምንነግራት አብረን ነው።»

ዶክተር ሰብለ እስክጨርስ ድረስ ሰማችኝ። ሥዕሎቿን አንድ ባንድ ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። በቀስታ ነው የተናገረችኝ።

«ለአይጧ አዝነሽላታል፤ ገብቶኛል። ለኔ ግን አላዘንሽልኝም። ሦስት ቀን እያየሽኝ ዝም አልሽ።»

ማጉረሴን ብዙ ሰው ይቅር ብሎኛል፣ እንዲያውም ይስቁበታል። ያቺን የሦስት ቀን ዝምታ ግን እኔ ራሴ ይቅር አላልኳትም። ከጥፋቴ ሁሉ ዘመኔን ሙሉ የሚቆጠቁጠኝ እሷ ናት።

ዶክተር ሰብለ ጉባኤው ላይ ልታቀርበው የነበረውን ሰረዘች። ለአስተማሪዋ የጻፈችውን በሌላ ደብዳቤ ሻረች። ብልቃጧ አልቃለች፤ ሌላ እስኪመጣ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቀች። ከእሷ በኋላ የመጡ ሰዎች በዚያ ጊዜ ማዕረግ አገኙ፣ እሷ አላገኘችም። እኔ የስንብት ደብዳቤ ስጠብቅ ጋሽ ታዬ ለአስተዳደሩ ያቀረቡት ሪፖርት መጣ። ግልባጩን ሰጡኝ። ጥፋቱ የኃላፊው ነው ይላል፤ ለሠራተኛዋ ሕጉን አስተምሬያታለሁ፣ ምክንያቱን ግን አላስተማርኳትም። በዚህ የተነሣ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለእሳቸው ነው። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ሲቀራቸው፣ ንጹሕ በነበረው ማኅደራቸው ላይ የእኔ ዳቦ ገባበት።

ከዚያ ምክንያቱን ማስተማር ጀመሩ። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ግማሽ ሰዓት። የጨው ውሃ ቡድን ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ያልተሰጠ ነገር ምን ያህል እንደሚዋሽ፣ ለምን መዝጋቢው የራሱን አንጀት እንኳን መመዝገብ እንዳለበት። በመጀመሪያው ቀን ደብተራቸውን አውጥተው ያየሁት ከሚለው ሥር፣ ሰባት ቁጥር ከብዙነሽ እጅ በላች ብለው ጻፉ። ለምን የሚለውን ያልገባኝ ላይ አሰፈሩት። መሐለኛውን ባዶ ተዉት።

ዶክተር ሰብለ ለወራት ከሥራ ውጭ አላናገረችኝም። አዲሱ ብልቃጥ ሲመጣ ሌላ ሰው ትመድባለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ምድር ቤት ወርዳ ሚዛኑን ፊቴ አስቀመጠችና ከዚህ በኋላ እንዳንቺ የሚጠነቀቅ ሰው አላገኝም አለችኝ። ሙከራው ተደገመ። ፔፕታይድ የወሰዱት አይጦች አልበሉም፤ ከሱ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ እውነት ግን ነበር። ሲያበቃና አይጦቹ በማደንዘዣ ሲሰናበቱ ጋሽ ታዬ እንደ ሁልጊዜው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ዶክተር ሰብለ ግራ ቀኝ ተመልክታ፣ እውነት ከእጅሽ በላች? ስንት ጊዜ? ብላ ጠየቀችኝ። ቆይታም ለብቻቸው የተቀመጡትንና ከጓደኛ ጋር የተቀመጡትን አይጦች አወዳደርን። ከጓደኛ ጋር ያሉት ከድንጋጤ በኋላ ትንሽ ቶሎ ወደ መኖው የተመለሱ መሰለን። ትንሽ ነው። ገና ነው፣ ብዙ መድገም ያስፈልጋል አለች። እኔም ገና ነው አልኩ። ገና ነው ማለትን ተምሬ ነበር።

ጋሽ ታዬ ጡረታ ሲወጡ ቁልፉንና ደብተሩን ሰጡኝ። ቁልፉ የመንግሥት ነው፣ ደብተሩ ያንቺ ነው አሉኝ። እኔ በተራዬ የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ፣ ስንት ተማሪ እዚያ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ። ዶክተር ሰብለም ማዕረጓን አገኘች፤ የጥናት ጽሑፏ መጨረሻ ላይ ካመሰገነቻቸው ሰዎች መሐል የኔን ስም አስገብታለች። ፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

እኔ ክሊራንስ ከማስፈረሜ ጥቂት ወራት በፊት የጋሽ ታዬ ሰፈር ለልማት ተነሣ። ፒያሳ የተወለዱ፣ ፒያሳ ያረጁ ሰው ከከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውሃው ከቧንቧ ይወርዳል፣ ጣሪያው አያፈስም። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ልጃቸው ማርታ ደወለችልኝ። አባባ አይበላም አለችኝ። ሐኪም ቤት ወስዳቸዋለች፤ ደሙም ታየ፣ ሆዱም ታየ፣ ምንም የለም ተባለ። ግን ሰውነታቸው እየሟሸሸ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ አንቺን ይሰማሻል አለችኝ።

ከፒያሳ ትኩስ ፉርኖ ገዛሁ፣ ቤቴ የሠራሁትን ሽሮ በምሳ ዕቃ ያዝኩ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ በሁለት ታክሲ ሄድኩ። ጋሽ ታዬ ቡናማ ሹራባቸውን ለብሰው መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ሹራቡ ሰፍቷቸዋል። ማርታ ከፊታቸው ያነሣችውን ሰሃን በዓይኔ መዘንኩት፤ አልተነካም።

ሰላምታ ተለዋወጥንና አጠገባቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንዲበሉ አልጠየቅኳቸውም። ማርታ አንድ ነገር ልትል ስትል በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ እሷም ተቀመጠች። ሩብ ሰዓት ያህል ሦስታችንም ዝም አልን። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ከውጭ ምንም አይሰማም።

«እዚህ ድምፅ የለም፣ ብዙነሽ» አሉ ጋሽ ታዬ በመጨረሻ። «እዚያ ጠዋት ስነቃ የማን በር እንደተከፈተ በድምፁ አውቀው ነበር። እዚህ ጎረቤቴ ማን እንደሆነ እንኳን አላውቅም።»

ምሳ ዕቃውን ከፈትኩ። ከፉርኖው ውስጥ ቆረስኩ፣ ሽሮው ውስጥ ነከርኩ፣ ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ዓይናቸው ከእጄ ወደ ፊቴ ሄደ። አንደኛው ዓይናቸው፣ ያ የታከሙት፣ ትንሽ ሳቀ።

«ሕጉን ረሳሽው?» አሉኝ።

«አልረሳሁም። ምክንያቱን አስተምረውኛል።»

እጄ እንደተዘረጋ ነው። ከዚያ ጎረሱ። ቀስ ብለው አኘኩ፣ ዋጡ። አንድ ያጣላል ብዬ ሁለተኛውን አስጠጋሁ። ጎረሱ። በሦስተኛው እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ማርታ ወደ ጓዳ ገባች።

«ስንት ሆነ?» አሉ።

«ሦስት።»

«በይ ጻፊው።»

ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሲያዩት እጃቸውን ዘርግተው የተለጠፈውን ጠርዝ ዳሰሱት። ያየሁት ከሚለው ሥር፣ ከእጄ ሦስት ጎረሱ ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። ለምን የሚለውን ያልገባኝ ላይ ላሰፍር ስል ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳረፉና ወደ መሐል ወዳለው ባዶ ዓምድ ገፉት።

«እዚህ» አሉኝ።

ምን ብዬ ልጻፍ አላልኳቸውም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ብቻቸውን ስላልሆኑ ብዬ በማይጠፋ ቀለም ልጽፍ፣ ከጓዳ የተመለሰችውን ማርታን እስክሪብቶ ስጪኝ አልኳት። ጋሽ ታዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእርሳስ ይሁን። ነገ ሐሳቤን ብቀይርስ?»

በእርሳስ ጻፍኩት። በማግስቱም በሁለት ታክሲ ሄድኩ፣ ከዚያም በማግስቱ። ጽሑፉ እስካሁን አልተሰረዘም።